መርሳት የጀመሩ አረጋውያንን በአካል እንቅስቃሴና በአእምሮ ልምምድ መርዳት
ለሰበካ ጉባኤያትና ለአገልጋዮች ካህናት የተዘጋጀ የጥናት ጽሑፍ

በልደታ ክፍለ ከተማ አብነት በሚባለው ሰፈርና በአካባቢው፣ ልጆቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ካበቁ በኋላ ውሏቸውን ብቻቸውን የሚያሳልፉ አባቶችና እናቶች አሉ። ከእነርሱም መካከል አንዳንዶቹ መርሳት ጀምረዋል። የጠየቁትን መልሰው ይጠይቃሉ፤ መድኃኒታቸውን ወስደው እንደሆነ እርግጠኛ አይሆኑም፤ የጽዋ ማኅበር ተራቸው መድረሱን ይስታሉ። ይህ ሲሆን ቤተሰብና ጎረቤት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ መንገድ ይሄዳል። አንዱ «ዕድሜ ነው» ብሎ መተው ነው። ሁለተኛው «ጃጅተዋል» ብሎ ከሥራም ከጨዋታም ማግለል ነው። ሁለቱም አረጋዊውን ይጎዳሉ፤ የመጀመሪያው ሊታከም የሚችለውን ሳይታከም ያስቀራል፣ ሁለተኛው የቀረውን ችሎታ ያደክማል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለቱ መካከል ያለውን ሦስተኛ መንገድ ማመልከት ነው። ይኸውም በቂ ምርመራ፣ በዕቅድ የሚደረግ የአካል እንቅስቃሴና የአእምሮ ልምምድ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ቦታ፣ ሰውና ልማድ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአብዛኛው አስቀድሞ የሚገኝ መሆኑን እናያለን።

፩. መርሳት ሁሉ አንድ አይደለም

የአረጋውያንን መርሳት በሦስት ደረጃ ከፍሎ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ መዘግየት ነው። የሰው ስም ለጊዜው ይጠፋል፣ ቆይቶ ይመጣል። መነጽር ያስቀመጡበትን ቦታ ፈልገው ያገኙታል። ይህ በሽታ አይደለም።

ሁለተኛው መለስተኛ የማስታወስ ችግር ይባላል። አረጋዊው ራሳቸው ወይም ቤተሰባቸው ለውጡን ያስተውላሉ፤ በምርመራም ችሎታቸው ከእኩዮቻቸው ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሆኖም የዕለት ኑሯቸውን ይመራሉ። ይለብሳሉ፣ ያበስላሉ፣ ገበያ ይሄዳሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ። ከበፊቱ የሚዘገዩትና የሚሳሳቱት ሒሳብ፣ ቀጠሮና አዲስ ነገር ላይ ነው።

ሦስተኛው የመርሳት በሽታ ነው። ከመንሥኤዎቹ ዋነኛው አልዛይመር ሲሆን፣ የተሰየመው በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1906 ለሕክምናው ዓለም ባስረዳው ጀርመናዊው ሐኪም በአሎይስ አልዛይመር ስም ነው። በዚህ ደረጃ ሰው ከሚያውቀው መንገድ ይጠፋል፣ ምድጃ ለኩሶ ይረሳል፣ ያለ ረዳት መኖር ያቅተዋል።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው ሁለተኛውን ደረጃ ነው። ምክንያቱም ብዙ ሊሠራበት የሚቻለው ጊዜ ይህ ነውና።

፪. የችግሩ ስፋት

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር። ከ60 በመቶ የሚበልጡትም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ሕሙማን ይጨመራሉ። ስለዚህ «ይህ የሀብታም አገር በሽታ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም።

መለስተኛውን የማስታወስ ችግር በተመለከተ የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ ነበር። በዚያም መሠረት ከ60 እስከ 64 ዓመት ካሉት ወደ 7 በመቶ፣ ከ75 እስከ 79 ዓመት ካሉት ወደ 15 በመቶ፣ ከ80 እስከ 84 ዓመት ካሉት ደግሞ 25 በመቶ ያህሉ ይህ ችግር አለባቸው። በሌላ አነጋገር ዕድሜያቸው ከ80 እስከ 84 የሆኑ 40 ምእመናን ባሉበት አጥቢያ 10 የሚሆኑት በዚህ ደረጃ ሊገኙ ይችላሉ ማለት ነው። በመቍጠሪያ ደብተራችን የማይታዩት በቤታቸው ስለሚደበቁ ነው።

ያው ጥናት ሌላም ቍም ነገር ይነግረናል። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ሆኖ መለስተኛ ችግር ካለባቸው 100 ሰዎች በ2 ዓመት ውስጥ ወደ መርሳት በሽታ የተሸጋገሩት 15 ያህሉ ናቸው። የቀሩት ወይ ባሉበት ይቆያሉ ወይም ይሻላቸዋል። እንግዲህ መርሳት የጀመረ ሰው ሁሉ ወደ ከፋው ደረጃ ይወርዳል ማለት አይደለም።

፫. ከልምምድ በፊት ምርመራ

መርሳት ከሌላ ሕመም የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙ ሲታከም መርሳቱም ይሻላል። የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የስኳርና የደም ግፊት አለመስተካከል፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የትዳር ጓደኛን ወይም ልጅን በሞት ከማጣት በኋላ የሚቆይ ድባቴ፣ እንዲሁም የአልኮል መጠጥ ማስታወስን ያዳክማሉ። በሐኪም ሳይታዘዙ የሚወሰዱ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ ክኒኖችም አእምሮን ያደነዝዛሉ። በተለይ ጾምን አጥብቀው የሚይዙና ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ እምብዛም የማይመገቡ አረጋውያን የቫይታሚን ቢ12 መጠናቸውን ቢያስመረምሩ መልካም ነው።

ጆሮም ሊዘነጋ አይገባም። በደንብ ያልተሰማ ነገር ሊታወስ አይችልም። «ነግሬያቸው ረሱ» ከተባሉት ብዙዎቹ መጀመሪያውኑ አልሰሙ ይሆናል። የጆሮ ኩክ ማስጠረግ ብቻ ለውጥ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ዐይንም እንዲሁ ነው፤ ሞራ ተነሥቶላቸው ወደ ንባባቸው የተመለሱ ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያው ደጃፍ በአቅራቢያ የሚገኘው ጤና ጣቢያ ነው። ለአብነት አካባቢ ነዋሪዎች ከዚያ በላይ ለሚያስፈልግ ምርመራ ጥቁር አንበሳና አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሩቅ አይደሉም። የአማኑኤል ስም ብዙ ቤተሰቦችን እንደሚያስደነግጥ ይታወቃል። ካህናት «ወደዚያ መሄድ ነውር አይደለም» ብለው ቢናገሩ ቃላቸው ከማንም ይልቅ ይሰማል። ጸበል የሚጠመቁትንም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ መምከር የዚሁ አገልግሎት ክፍል ነው።

፬. ጥናቶች ምን አሳዩ?

በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ መለስተኛ የማስታወስ ችግር ያለባቸው 100 ሰዎች ለ6 ወራት ልምምድ አድርገዋል። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ክብደት በማንሣት ጡንቻቸውን ያጠነከሩት በጠቅላላ የአእምሮ ችሎታቸው መሻሻል አሳይተዋል። በኮምፒውተር የአእምሮ ልምምድ ብቻ ያደረጉት ግን ያን ያህል ሰፊ ጥቅም አላገኙም።

በካናዳ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 84 የሆኑና ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን 175 ሰዎች ያካተተ ነበር። በሳምንት 3 ቀን ለ20 ሳምንታት መጀመሪያ የአእምሮ ልምምድ፣ ቀጥሎም ልብን የሚያሠራና ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አድርገዋል። ሁለቱን አጣምረው የሠሩት ቀላል የማፍታቻ እንቅስቃሴ ብቻ ካደረጉት የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። የቫይታሚን ዲ ክኒን ተጨምሮ ተሞክሮ ነበር፤ የተለየ ጥቅም አልታየበትም። ስለዚህ የአረጋውያንን ጥቂት ገንዘብ «ለአእምሮ ይጠቅማል» እየተባለ በሚሸጥ ክኒን ከመጨረስ በፊት ሐኪም መጠየቅ ይገባል።

በፊንላንድ ደግሞ ለመርሳት በሽታ የተጋለጡ፣ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆኑ 1,260 ሰዎች ለ2 ዓመት ተከታትለዋል። የተሰጣቸውም የአመጋገብ ምክር፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ልምምድ፣ የደም ግፊትና የመሰል ሁኔታዎች ክትትል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ውጤት እነዚህ አራቱ በአንድነት ሲሰጡ የአእምሮን ችሎታ እንደሚያሻሽሉ ወይም እንደሚጠብቁ ተረጋግጧል።

የአሜሪካው አካዳሚም በ2018 መመሪያው፣ ለመለስተኛ የማስታወስ ችግር የሚመክረው መድኃኒት እንደሌለ ገልጾ፣ ሐኪሞች በሳምንት 2 ጊዜ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያዝዙ መክሯል። የአእምሮ ልምምድንም ሊጠቅም እንደሚችል አመልክቷል።

፭. እግር ሲንቀሳቀስ አእምሮ ስለምን ይጠቀማል?

አእምሮ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚጠቀመው ኃይል አንድ አምስተኛውን ይወስዳል። ይህን የሚያደርስለት ደም ነው። የደም ግፊትና ስኳር ጥቃቅን የደም ሥሮችን ሲያጠቡ አእምሮ ይራባል። መራመድ ልብን ያበረታል፣ ግፊትንና ስኳርን ያስተካክላል፣ እንቅልፍን ያጣፍጣል፣ ድባቴን ያቀላል።

ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በታተመ ጥናት 120 አረጋውያን ተሳትፈው፣ ግማሾቹ በሳምንት 3 ቀን እስከ 40 ደቂቃ ለአንድ ዓመት ተራምደዋል። አዲስ ነገር የሚታተምበት ሂፖካምፐስ የሚባለው የአእምሮ ክፍል በተራማጆቹ ዘንድ 2 በመቶ ገደማ ሲያድግ፣ ማፍታቻ ብቻ ባደረጉት ዘንድ ቀንሷል።

የአእምሮ ልምምድ ሥራው ደግሞ ሌላ ነው። በነርቮች መካከል ያለው መስመር በሚጠቀሙበት መጠን ይጸናል፤ ካልተጠቀሙበት እንደማይረገጥ ጎዳና ዳዋ ይውጠዋል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አሮጌውንና የተካኑበትን ብቻ መደጋገም በቂ ልምምድ አይሆንም። ልምምድ የሚባለው ጥቂት የሚከብድ፣ ጥቂት አዲስ የሆነና ቀስ በቀስ ከፍ የሚል ነው።

፮. በእጃችን ያለው ሀብት

የሰፈሩ ስም አብነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም የጥንት ትምህርቷን የአብነት ትምህርት ትለዋለች። ይህ የስም መገጣጠም ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ መልካም ማስታወሻ ይሆነናል። የአብነት ትምህርት ቤት የማስታወስ ትምህርት ቤት ነውና። ተማሪው ፊደሉን ከ«ሀሁ» ጀምሮ ይዘልቅና በ«አቡጊዳ» ቅደም ተከተሉን ለውጦ እንደገና ይማረዋል። 150ውን መዝሙረ ዳዊት በቃሉ ይይዛል። በዜማ ቤት ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ይለያል። በአቋቋም ደግሞ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ፣ ከበሮውን እየሰማ፣ እግሩን፣ እጁን፣ ድምፁንና ትዝታውን በአንድ ጊዜ ያስተባብራል። ሐኪሞች ዛሬ «ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ» የሚሉትን ልምምድ ሊቃውንቱ ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል።

አቋቋም የመርሳት ሕክምና ነው ማለታችን አይደለም። አምልኮ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ እንጂ የጤና ስፖርት አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ልማድ ያለው ማኅበረሰብ፣ አካልንና አእምሮን አጣምሮ ማለማመድን ከባዕድ መዋስ አያስፈልገውም። መሪጌታው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና በማኅበረ ምእመናን ውስጥ የሚገኙ የጤና ባለሙያዎች አንድ ላይ ቢቀመጡ መርሐ ግብሩ ከእጃቸው አይጠፋም።

ሁለተኛው ሀብት ዐፀደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። አብነት ከመርካቶ ጋር የሚጎራበት፣ ተሽከርካሪና ሸቀጥ የሚበዛበት፣ የቀላል ባቡር ጣቢያ ያለበት ሰፈር ነው። የእግረኛ መንገዱ ለአረጋዊ እግር አይመችም። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳናዎችን ለእግረኛ መክፈቱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ በሳምንት 2 ጊዜ ለሚያስፈልግ እንቅስቃሴ ግን አይበቃም። በልደታ ነባር ሰፈሮች በመልሶ ማልማት ሲነሡ ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የገቡት አረጋውያን ደግሞ ደረጃውን እየፈሩ ከቤት መውጣት ቀንሰዋል። ወደ ከተማው ዳርቻ የተዛወሩት የቡና ጎረቤቶቻቸውን አጥተዋል። እንግዲህ መኪና የማይገባበት፣ ዛፍ ያለበት፣ የሚያውቋቸው ሰዎች የሚገኙበት ስፍራ ዐፀዱ ነው።

፯. ሊሞከር የሚችል መርሐ ግብር

የሚከተለው በአንድ አጥቢያ ከ10 እስከ 15 ለሚሆኑ አረጋውያን የሚስማማ ነው። ቀኑ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆኑ ብዙዎች በጠዋት እህል ሳይቀምሱ ይውላሉና። ጠቅላላው ጊዜ አንድ ሰዓት ነው።

የመጀመሪያው 10 ደቂቃ፣ ሰላምታና ማዘጋጃ። እያንዳንዱ አረጋዊ የጎረቤቱን ስም ይጠራል። ዕለቱን፣ ወሩንና በዓሉን ይናገራል። ተቀምጠው ትከሻቸውን፣ እጃቸውንና ቁርጭምጭሚታቸውን ያፍታታሉ።

ቀጣዩ 20 ደቂቃ፣ የአእምሮ ልምምድ። በየሳምንቱ አንዱ ይመረጣል።
• የወሩን በዓላት ከልደታ ጀምሮ እስከ በዓለ ወልድ በቅደም ተከተል መናገር። ይህ ሲቀል ከ29 ወደ 1 ወደ ኋላ መቍጠር።
• በ200 ብር ገበያ ወጥቶ ስኳር፣ ቡናና ሳሙና ገዝቶ የሚተርፈውን መልስ በቃል ማስላት።
• አንድ አጭር ታሪክ ሰምቶ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ መልሶ መተረክ።
• ከዚህ በፊት የማያውቁትን አንድ መዝሙር መማር።
• ገበጣ መጫወት፣ እንቆቅልሽ መጠያየቅ።
• ፊደል ለቈጠሩት የአቡጊዳን ቅደም ተከተል ማስታወስ፤ ለተማሩት አባቶች ደግሞ የመጪውን ዓመት በዓላትና አጽዋማት በባሕረ ሐሳብ ማውጣት።
ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶች በዚህ ክፍል እንዳያፍሩ ጥንቃቄ ይደረግ። ሁሉም ነገር በቃል ሊሠራ የሚችል ነው።

ቀጣዩ 20 ደቂቃ፣ ጡንቻና ሚዛን። ጠንካራ፣ ጎማ የሌለውና ከግድግዳ ጋር የተጠጋ ወንበር ያስፈልጋል።
• እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ከ8 እስከ 10 ጊዜ። የማይችሉ በመደገፍ ይጀምሩ።
• ግድግዳን በሁለት እጅ መግፋት።
• ውኃ የተሞላ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ በእያንዳንዱ እጅ ይዞ ክንድን ማጠፍና መዘርጋት። ግማሽ ሊትር ውኃ ግማሽ ኪሎ ነው። ሲቀልላቸው ወደ አንድ ሊትር ያድጋል።
• የወንበሩን መደገፊያ ይዞ በጣት ጫፍ መቆም፣ ከዚያም በአንድ እግር ለጥቂት ሰከንድ መቆም።

የመጨረሻው 10 ደቂቃ፣ አካልና አእምሮ በአንድነት። በዐፀዱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይራመዳሉ። እየተራመዱም ከ100 ጀምሮ 3 3 እየቀነሱ ይቈጥራሉ፣ ወይም ዛሬ የተማሩትን መዝሙር ይሉታል። ፍጥነቱ ልክ የሚሆነው ማውራት ሲያስችል፣ እያዜሙ መሄድ ግን ሲከብድ ነው። ለመዘመር በተራው ቀዝቀዝ ይበሉ።

ከዚያ በኋላ ሻይ ወይም ቡና ይቅረብ። ይህ የመርሐ ግብሩ ጌጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች አንዱ ከሰው መገለል መሆኑን ዘርዝሯል። በሪፖርቱ መሠረት 14ቱ ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር።

በቀሩት ቀናት አረጋውያኑ በቤታቸው እንዲራመዱ ይመከር። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎችና ለአረጋውያን የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። የማይችል ግን አቅሙ የፈቀደውን ያድርግ፤ ጥቂቱ ከምንም ይሻላልና።

፰. ጥንቃቄ

ሀ. የልብ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የመውደቅ ታሪክ ያላቸው ከመጀመራቸው በፊት በጤና ባለሙያ ይታዩ። የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም የራስ መዞር ሲሰማ ወዲያውኑ ይቁም፤ ወደ ሕክምናም ይኬድ።

ለ. በዐቢይ ጾምና በሌሎች አጽዋማት መርሐ ግብሩ አይታጠፍ፤ ይቅለል። ሰዓቱም ከምግብ በኋላ ወደሚሆንበት ይዛወር። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ባዶ ሆዳቸውን እንቅስቃሴ ማድረግ የለባቸውም። ስለ ጾማቸው ልክ ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪማቸው ጋር ይመካከሩ።

ሐ. ስግደት ለሰውነት ብርቱ እንቅስቃሴ ነው። ጉልበትና ወገብ ለሚያማቸው፣ ቶሎ ለሚያዞራቸው አረጋውያን ካህናት በአቅማቸው እንዲወስኑላቸው ያስፈልጋል።

መ. የሚጎተት ነጠላና ክፍት ጫማ ያሰናክላል። ነጠላው ይታሰር፣ ጫማው ተረከዝ የሚይዝ ይሁን። ዝናብ በዘነበ ጊዜ በአዳራሽ ይሠራ።

፱. ክብርና አደራ

የሰበካ ጉባኤያት ከሁሉ የሚቸገሩበት ጉዳይ ይህ ነው። ለብዙ ዓመታት ሙዳየ ምጽዋት ሲቈጥሩ የኖሩ አባት ሒሳብ መሳት ጀመሩ። የዕቃ ቤት ቁልፍ የያዙት እናት ቁልፉን ደጋግመው ጣሉ። ምን ይደረግ? ዝም ማለት የቤተ ክርስቲያንን ንብረት አደጋ ላይ ይጥላል፤ ሐሜትም ያመጣል፤ መርሳት እንደ ስርቆት ይቈጠራል። በአንድ ስብሰባ አሰናብቶ ቤት እንዲቀመጡ ማድረግ ደግሞ፣ ያቆሟቸውን አገልግሎት ከሥራቸው መንቀል ነው። ከሰውም ከእንቅስቃሴም ከአሳብም በአንድ ቀን ይለያሉ፤ ይህም ከላይ ያየናቸውን አጋላጭ ምክንያቶች በገዛ እጃችን መጨመር ነው።

መፍትሔው ረዳት መስጠት ነው። ገንዘቡን ሁለት ሰዎች ይቍጠሩ፤ ይህ ለሁሉም የሚሠራ ደንብ ሆኖ ይጻፍ እንጂ በአንድ አረጋዊ ላይ የተጣለ ገደብ መስሎ አይታይ። ቁልፉ ቋሚ ማንጠልጠያና መዝገብ ይበጅለት። ከባዱ ኃላፊነት ወደ ሌላ ሲዛወር ለእርሳቸው ሌላ የታወቀ ሥራ ይሰጣቸው። ሕፃናትን ተረት መንገር፣ እንግዳ መቀበልና ወጣቶችን ነባር መዝሙር ማስተማር አረጋውያን እስከ ብዙ ጊዜ የሚችሏቸው ናቸው።

በአገልጋዮች ካህናት ላይም ይህ ሊደርስ ይችላል። የቅዳሴው ቅደም ተከተል የሚምታታባቸው አባት ሲኖሩ ጉዳዩን አስተዳዳሪው ለብቻቸው፣ በትሕትና ያንሡት። ቅዳሴ ቢያንስ በአምስት ልዑካን የሚፈጸም መሆኑ ራሱ የመረዳዳት ሥርዓት ነው። አጠገባቸው የሚቆም ንቁ ረዳት መመደብ፣ ብቻቸውን የሚሸከሙትን ክፍል ማቅለል፣ በማኅሌትና በትምህርት ቦታቸውን መጠበቅ ይቻላል።

የንስሐ አባት ቤት ለቤት ስለሚገቡ ለውጡን ከሐኪም በፊት ሊያዩ ይችላሉ። ነገር ግን በኑዛዜ የሰሙት በኑዛዜ ይቀራል። ወደ ሰበካ ጉባኤ የሚቀርበው ስም አረጋዊው ወይም አረጋዊቷ በፈቃዳቸው የሰጡት ብቻ ይሁን። መርሐ ግብሩም «የመርሳት ሕሙማን ጉባኤ» ተብሎ አይጠራ። «የአረጋውያን የጤና መርሐ ግብር» መባሉ ይበቃል፤ የማይረሱትም ቢገቡበት ለሁሉም ይጠቅማል።

፲. ምን እንጠብቅ?

ይህ ልምምድ የጠፋውን ሁሉ አይመልስም። የመርሳት በሽታ ከጠናባቸው በኋላ ያለው ድጋፍ ከዚህ የተለየ ነው፤ ለብቻው ትምህርት ያስፈልገዋል። በጥናቶቹ የታየው መሻሻልም ልከኛ ነው። የተገኘውም ለወራት ሳያቋርጡ በሠሩት ላይ ነው። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ጀምሮ መተው የአረጋውያኑን ተስፋ ከመስበር በቀር የሚፈይደው የለም። አንድ አጥቢያ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ለ6 ወራት የሚቆይ ሰውና ቦታ ይመድብ።

እድገቱን ለመለካት ፈተና ማዘጋጀት አያስፈልግም። በአንድ መዝገብ ላይ አራት ነገሮች ይጻፉ፤ ማን መጣ፣ ስንት ጊዜ ከወንበር ተነሣ፣ የደም ግፊቱ ስንት ነበር፣ በወሩ ውስጥ ወድቆ ያውቃልን። የቀረ አረጋዊ ካለ በዚያው ቀን አንድ ወጣት ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ። ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ ይህ የመጨረሻው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ምእመናን ስንት ናቸው? ካለፈው ዓመት ወዲህ ከቅዳሴ የቀሩት እነማን ናቸው? ለምን?
2. ከማኅበረ ምእመናን መካከል ነርስ፣ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሆነ ማን አለ? ማንስ ያነጋግረዋል?
3. በዐፀዱ ውስጥ አረጋውያን የሚሰናከሉበት ድንጋይ፣ መደገፊያ የሌለው ደረጃ ወይም ጉድጓድ የት ነው? መቼ ይስተካከላል?
4. የገንዘብ አቈጣጠርና የቁልፍ አያያዝ ደንባችን መርሳት የጀመረን አገልጋይ ከስሕተትም ከሐሜትም ይጠብቃልን?
5. ከሰፈራችን ወደ ሩቅ የተዛወሩ አረጋውያንን በየወሩ የሚጠይቅ ማንን እንመድብ?

ውይይቱ ሲፈጸም ለእያንዳንዱ ጥያቄ የአንድ ኃላፊ ስምና የአንድ ቀን ቀጠሮ በቃለ ጉባኤው ይስፈር። በሚቀጥለው ስብሰባም የመጀመሪያው አጀንዳ ይኸው ይሁን።